«እስኪበቃው ድረስ» ብለው ጽፈውልን ስላረፉት ባልደረባችን

የካንሰር ምርምር ማዕከላችን የሕዋስ ላቦራቶሪ ዋና ቴክኒሺያን፣ ሁላችንም «እትዬ ቀስ በሉ» የምንላቸው ባልደረባችን ባለፈው ማክሰኞ በሞት ተለይተውናል። ሐዘናችን ከባድ ነው። ጭንቀታችንም ከሐዘናችን ስለማያንስ ሁለቱን ለይተን መጻፍ አልቻልንም።

ባልደረባችን ሃያ ሁለት ዓመት አገልግለዋል። ሥራ በጀመሩ በአራተኛው ዓመት፣ የካንሰር ሕዋስ ጤናማውን ሥጋ ሰርስሮ እንዴት እንደሚገባ በዓይን የሚያሳየውን ጄል፣ ሥጋ መሰል የረጋ ዝልግልግ፣ ሠሩ። ሕዋሱ ከላይ ይቀመጣል፤ ጄሉን እየበላ ወደ ታች ይወርዳል፤ እኛም በየቀኑ ምን ያህል እንደወረደ እንለካለን።

በዘጠነኛው ዓመት አሠራሩን በጽሑፍ እንዲያስረክቡ በደብዳቤ ተጠየቁ፤ አስረከቡ። ተራ ቁጥር አራት ጄሉ ከመፍሰሱ በፊት «እስኪበቃው ድረስ በረዶ ላይ ይቆይ» ይላል። የሚበቃው ስንት ደቂቃ ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ እሳቸው ነበሩልንና። ማኅተም መትተን ፋይል ውስጥ አስገባነው።

ባለፈው ዓመት በሽታው እሳቸውኑ ያዘ። በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው ዕጢ ለላቦራቶሪው ናሙና እንዲሰጥ ፈረሙ፤ ሕዋሱንም በገዛ እጃቸው ጄል ላይ አሳደጉት። «ከእኔ ጋር ከሚቀበር ከእናንተ ጋር ይጨቃጨቅ» ነበር ያሉት። ከሞከርናቸው መድኃኒቶች አንዱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ባለበት አቆመው። ለእሳቸው አልደረሰም። ውጤቱ እንዲታመን ግን ሙከራው መደገም አለበት።

ካረፉ ወዲህ ያፈሰስናቸው ስድስት ጄሎች በሙሉ ተሰነጣጠቁ። በቅዝቃዜ ያስቀመጥነው ሕዋስም ቢቀልጥ አልነሣም አለ። የቀረን እሳቸው ያዘጋጁት፣ የዕጢያቸው ሕዋስ ያለበት፣ መድኃኒት ያልነካው አንድ የጄል ሳህን ብቻ ነው። ሕዋሱ ታች ሊደርስ የቀረው የጥፍር ውፍረት ያህል ነው፤ እስከ ዓርብ ወደ አዲስ ጄል ካልተዛወረ ያበቃለታል።

ከእሳቸው ጋር የሠራችሁ፣ ጡረታ የወጣችሁም ሆነ መሥሪያ ቤት የቀየራችሁ፣ «በቃው» ሲሉ ሰዓት ያየ ወይም በልቡ የቆጠረ ካለ እባካችሁ ድረሱልን። የምንይዘው የምንጨብጠው ጠፍቶናል።

ለታላቅ እህታቸው፣ ለልጃቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ልጃቸው ከቀብር ማግስት መጥታ ሳህኑን በማይክሮስኮፕ ካየች በኋላ፣ እናቷን የገደለው ይህ እንደሆነ ጠይቃናለች። አዎ ብለናታል። እንዳይሞትብን የምንለምነውም እሱኑ መሆኑን ፊቷ ቆመን ለመናገር ግን አፍ አጣን፤ በዚህ መግለጫ ነግረናታል።