የስልክ ሽቦ ወጥመድ

ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ዛሬ የጣሊያኑ ካፒቴን አዳኝ ውሻ ወጥመድ ገባች።

ከቂርቆስ በታች ወንዙ ዳር ሚዳቋ ስታሳድድ ጩኸቷ ድንገት ተቋረጠ። ቀድሜ ደረስኩ። ሽቦው አንገቷን ይዟት በታገለች ቁጥር ይጠብቃል። በጉልበቴ አጣብቄ ያዝኳትና በፒንሳ ቆረጥኩላት። ሽቦውን ሳየው የስልክ ሽቦ ነው። ከመስመሩ የቆረጠ ይሰቀላል። ኪሴ ከተትኩትና ለካፒቴኑ፣ "ሐረግ ነው ያነቃት" አልኩት። ውሾቹን የምጠብቅለት እኔ ነኝና አመነኝ።

ያጠመደው ጎረቤቴ መኩሪያ እንደሆነ አጠገቡ ካለው የሣር ቋጠሮ አውቄዋለሁ። ውሾቹን ካዛንቺስ ካፒቴኑ ግቢ አስገብቼ በቀጥታ እሱ ዘንድ ሄድኩ።

"ለጅብ ነው። ፍየሎቼን ጨረሰብኝ" አለኝ።

"ስንት አጥምደሃል?"

"ከዛሬው ሌላ ሁለት።"

"ነገ ጠዋት እኮ እዚያው ነው የምናድነው!"

"ታዲያ ውሾቹን ወደ ሰንጋ ተራ ንዳቸዋ" ብሎ ሳቀ።

"ቦታውን የሚመርጠው ካፒቴኑ ነው። ነገ ቀድሞኝ ቢደርስና ሽቦውን ቢያየውስ?"

ሳቁን አቆመ።

አብረን ወርደን አንዱን ነቀልን። ሌላው ሳይገኝ መሸብን። መኩሪያ ወጥመዱ ያለበትን እንዳይረሳ አጠገቡ ያለውን ሣር ይቋጥራል። የዚህኛውን ቋጠሮ ግን ከብት ግጦታል።

መንገዱ ጭር እስኪል ቤቴ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። ወንዝ ዳር በፋኖስ የታየ አርበኛ ነው ተብሎ ይተኮስበታል። ያለ ፋኖስ ደግሞ ሽቦው አይታይም። መኩሪያ ደጅ ሆኖ፣ "አንተ፣ ና እንጂ!" ይላል።

ፋኖሱን ትቼ ሣሩን የምዳብስበት በትር ይዤ ልወጣ ነው።