ስለ ምድር ቤቷ መርፌና ስለ ሰባት ጥንድ ጫማ

ለተከበሩ የምርምር ተቋሙ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዲበረታ፣ ጉልበትዎ እንዲጸና፣ በተለይም ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ እርምጃዎ ለስለስ እንዲል ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻው ምኞት ምክንያት ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይገለጥልዎታል። አሽጌ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች «ገቢ» የሚል ማኅተም ተመትቶባቸው ሳይከፈቱ ስላረፉ፣ የመክፈቱን ድካም ላቅልልዎ ብዬ ይህኛውን ክፍት አድርጌ በጋዜጣ ልኬዋለሁ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሚዛን ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የማውቃትን ጥቂት ነገር ያስተማሩኝ የተበላሹ ዕቃዎች ናቸው። ከእርስዎ ጋር ያገናኘችን የእህቴ ልጅ ናት፤ ከቢሮዎ ሥር ባለው ምድር ቤት የምትሠራው የፊዚክስ ተመራማሪ። መዳብን ከዝገት የምትከላከል አንዲት ሞለኪዩል አለች፤ እንዴት እንደምትከላከል ግን በዓይኑ ያየ የለም። የእህቴ ልጅ ያቺን ሞለኪዩል መዳቡ ላይ እንደተቀመጠች፣ ብቻዋን፣ ምስሏን ለማንሳት አራት ዓመት ደክማለች። እርስዎ ደግሞ ክፍሉ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ተለቆ የወንበር ማከማቻ እንዲሆን፣ መሣሪያውም አራተኛ ፎቅ እንዲወጣ አዘዋል። ምስጋናችን ብዙ ስለሆነ በቁጥር ማስቀመጡ ይሻላል።

አንደኛ፣ ሰባት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ስለላኩልን እናመሰግናለን። መሣሪያው፣ ክቡርነትዎ፣ ጫፏ በአንዲት አቶም የሚያልቅ መርፌ ናት። መዳቡን ሳትነካ ከላዩ ላይ መስመር በመስመር ትመላለሳለች፤ በመካከላቸው የሚሾልከው ቅንጣት ኤሌክትሪክ ሲጨምርና ሲቀንስ ጉብታውን ከጎድጓዳው ትለያለች፤ ዓይነ ስውር በጣቱ እንደሚያነብ ማለት ነው። ታዲያ በዚያች ክፍል ውስጥ ሰው መተንፈስም በልክ ነው። ኮሚቴው ጠረጴዛውን ከብቦ ቆመ። አንዱ አሳሉ። የአንዷ ስልክ ጠራና «ቆይ ልደውልልህ፣ ሞለኪዩል የሚባል ነገር እየፈለግን ነው» አሉ። የእህቴ ልጅ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ከበር ውጭ እንዲቆሙላት ብትለምን፣ ሰብሳቢው «ሳናይ አየን ብለን እንፈርም እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ቆመውም አዩ፤ ምስሉ ላይ ያዩት ግን የራሳቸው ሰባት ጥንድ ጫማ ወለሉን ሲረግጥ ነው። «ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ መሣሪያው አይሠራም» ብለው ፈረሙ። ሚዛን ላይ እየዘለለ ሚዛኑን ውሸታም ያለ ደንበኛ አይቻለሁ፤ በኮሚቴ ሆኖ የመጣ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለተኛ፣ ለተቋሙ ገጽታ ስላሰቡ እናመሰግናለን። «አሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ በምርምር ክፍል ውስጥ ተገኘ» ተብሎ የተወገዱት ስድስቱ ካላማዳሪያዎች እኔ በእጄ ለጥፌ፣ በልክ ነፍቼ ከድንጋይ ጠረጴዛው ሥር ያስቀመጥኳቸው ነበሩ። መንገድ ላይ የሚያልፈው መኪና ሁሉ መንቀጥቀጡ እነሱ ውስጥ ይሰምጥ ነበር። የጥበቃ ሠራተኞቹ ታዘው ጎትተው ሲያወጧቸው ጠረጴዛው ተዘነበለ። ያን ቀን የእህቴ ልጅ ሱቄ መጥታ የመፍቻ ሣጥኔ ላይ ተቀመጠችና «አጎቴ፣ መርፌዋ ተሰበረች» አለችኝ። ቀልድ ሞልቶኝ የምኖር ሰው ነኝ፤ ያን ቀን አንድም አልመጣልኝም።

በሦስተኛው ቀን ሌሎች ስድስት ካላማዳሪያዎች ተመልሰው ቦታቸውን ይዘዋል፤ የእህቴ ልጅም አዲስ መርፌ ሠርታለች። ማን አስገባህ ብለው እንዳይጠይቁኝ፤ ረስቻለሁ፣ ወደፊትም አላስታውስም።

ሦስተኛ፣ «ለማየት ብርሃን ያስፈልጋል» ብለው ትልቅ መስኮት ያለው፣ ሊፍቱን የተጠጋ ክፍል ስለመረጡላት እናመሰግናለን። መርፌዋን ጨለማ አያስጨንቃትም፤ የምትፈልገው ዝምታ ነው። እሷን ሊፍት አጠገብ ማስቀመጥ አራስ ሕፃንን ወፍጮ ቤት ማስተኛት ነው። ወንበሮቹን ግን አራተኛ ፎቅ ቢያወጧቸው ሊፍቱ እንቅልፍ አይነሳቸውም።

አራተኛም ነበረኝ፤ እሱን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። «አጎቴ፣ ቶሎ ና! ጫማህን ግን በር ላይ አውልቅ» አለች። አውራ ጣቴ ከተቀደደ ካልሲዬ ብቅ እንዳለ ገባሁ፣ አየሁም። ሞለኪዩሏ ሦስት ክንድ አላት፤ ሁለቱ መዳቡን አቅፈዋል፣ ሦስተኛው ቀና ብሏል። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ የእኔ ልብ ፈርዷል። በእነሱ ሙያ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ነገር እንዳልታየ ነው የሚቆጠረው፤ ደግማ ደጋግማ ለማሳየት በዚያው ክፍል ሦስት ወር ያስፈልጋታል።

ስለዚህ መልሳችን አጭር ነው፦ አንነሳም። የርክክቡ ቀን በሩ ላይ ወንበር አድርጌ እቀመጣለሁ። የእህቴ ልጅ «ነገር አታባብስ» ብላኛለች፤ እኔ ግን ምንም አላባብስም፣ መቀመጥ ብቻ ነው። ክፍሉን ለወንበር አይደል የፈለጉት? የመጀመሪያውን ወንበር ከነባለቤቱ አስረክባለሁ።

ለሦስት ወር የማይንቀሳቀስ ንብረትዎ፣
አክባሪዎ፣ ጫማውን በእጁ የያዘው ሚዛን ጠጋኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አራተኛው ምስጋና ይህ ነው። እርስዎ ደረጃውን ሲወጡና ከላይ ቢሮዎ ውስጥ ሲራመዱ መርፌዋ ታች ሆና ትመዘግበዋለች፤ ምስሉ ላይ እንደ ሽንትር ሆኖ ይወጣል፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ። በአራት ዓመት ውስጥ ከተነሱት ምስሎች ያ ሽንትር የሌለባቸው ጥርት ያሉት፣ ማክሰኞ የተነሳውም ጭምር፣ ሁሉም የተነሱት በመደበኛ የሥራ ሰዓት ነው። ለዚህ ትብብርዎ ባለውለታ ነን። ምስሎቹን እርስዎ ከሚፈርሙበት የሰዓት መቆጣጠሪያ ጋር የሚያስተያይ ሰው ይኖራል ብለው ግን አይጨነቁ፤ ኮሚቴዎ እንደፈረመው መሣሪያው አይሠራም።