ማይክ የሚሰካበት ስፒከር

ሰኞ፣ ሜይ 4

ጠዋት አውቶቡስ። ተማሪዎቹ ዛሬ ጸጥ አሉልኝ፣ በዝናቡ መሰለኝ። እነሱን አድርሼ ከሰዓት እስክመልሳቸው ባለው ክፍተት ቸርች ሄጄ ኪቦርዱን አመጣሁት። ወጣቶቹ አዲስ ገዝተዋል። "ጋሽ ለገሰ፣ እርስዎ ይውሰዱት፣ የእርስዎ እኮ ነው" አሉኝ። አነጋገራቸው ደስ ይላል። አሁን መድረኩ የእነሱ ነው... ይሁን።

ሳሎን ዘረጋሁት። ሰካሁት። መብራቱ በራ። ሁለት እጄን ጫንኩበት... ምንም! ድምፁን ጨመርኩ። ምንም። ተበላሸ ብዬ ልቤ ቀጥ አለች። ለካ የራሱ ስፒከር የለውም! የመድረክ ኪቦርድ ነው። እንዴት እስከ ዛሬ አላወቅሁም? ያን ሁሉ ዓመት ገመዱን ወለሉ ላይ ካለው ሳጥን እሰካለሁ፣ ድምፁ ይመጣል። በየት በኩል እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም። እሱ የንጋቱ ሥራ ነበር፣ የሳውንድ ሰውዬው።

ቀጭ ቀጭ ይላል ብቻ። አንድ ሙሉ መዝሙር በዚያው ቀጭ ቀጭ ተጫወትኩ። የለየለት ጅል።

ማክሰኞ፣ ሜይ 5

ፀደንያ "ሄድፎን አድርግ አባቢ፣ ዋትስ ዘ ፕሮብለም?" አለችኝ። ልጄ ናት፣ ለነገር መፍትሔ አታጣም። ሞከርኩት። ጆሮዬ ውስጥ፣ ለብቻዬ... መዝሙር ለብቻ ይዋጣል እንዴ?

ቅዳሜ፣ ሜይ 9

ፀደንያ ትንሿን የብሉቱዝ ስፒከሯን አመጣች። ከኪቦርዱ ጋር የምታገናኛትን ዕቃም ከኦንላይን አዝዛልኛለች። "ዳን!" ብላ እጇን አራገፈች።

ነካሁት። ድምፁ ይመጣል... ግን ዘግይቶ። ለጥቂት ነው፣ ዓይን እስኪርገበገብ። ጣቴ ወደሚቀጥለው ሲሄድ ያለፈው ገና እየደረሰ ነው። ላብድ ደረስኩ። ይቺ ዘፈን ለመስማት እንጂ ለመጫወት አትሆንም። ልጄ እንዳይከፋት "ጥሩ ናት" አልኳትና ስትወጣ ነቀልኳት።

ደግሞ ምን ያናድደኛል? እኔ ራሴ እንደዚያች ስፒከር ነኝ። መልስ የሚመጣልኝ ሰውየው ተሰናብቶ ከሄደ በኋላ ነው።

ሰኞ፣ ሜይ 11

የሻሽወርቅ፣ የድሮዋ ዘማሪያችን፣ ኮል አደረገች።

አውቶቡሱን አቁሜ፣ መቀመጫ ስር የተረሳ ቦርሳ እየፈለግሁ ነበር። ስሟን ስልኩ ላይ ሳይ ቀና ስል ጭንቅላቴን ተመታሁ። "ወንድም ለገሰ፣ ኪቦርዱን ወሰድከው አሉ?" ድምጿ ያው ነው። ከልጇ ከዕዝራ ጋር ለመኖር ወደ ቨርጂኒያ፣ ስካይላይን ከተሻገረች ወዲህ የምንገናኘው ሰርግና ለቅሶ ላይ ብቻ ነው። እዚያው ያለ ቸርች ነው የምትካፈለው። እዚያ አትዘምርም።

"ከመሄዴ በፊት አንድ ቀን መጥቼ እዘምርበታለሁ" አለች።

"የት ነው የምትሄጂው?"

"አልሰማህም? ዕዝራ ዳላስ ሥራ አገኘ እኮ። በጁን አጋማሽ ነው የምንነሳው። እኔስ ብቻዬን እዚህ ምን እሠራለሁ?"

ምን አልኩ? "ጥሩ ነው፣ ዳላስ ሙቀት ነው" አልኩ። ሙቀት! ከዚያ ሁሉ ቃል መርጬ... ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ተቀመጥኩ።

መድረክ ላይ ኪቦርድ ከኋላ ነው የሚቆመው። እሷ ፊት ሆና ወደ ሕዝቡ ትዘምራለች። እኔ የማውቀው ጀርባዋን ነው። ትንፋሽ ልትስብ ስትል ትከሻዋ ከፍ ይላል፣ በዚያ ነበር የምከተላት። ልትደግመው ስትፈልግ ቀኝ እጇን ወደ ኋላ ዘርጋ ታደርጋለች። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ስትዘምር ፊቷ ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ አላየሁም! የጉባኤው ሕፃናት ሳይቀሩ አይተውታል።

ሳትሄድ አንዴ ማየት እፈልጋለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ሐሙስ፣ ሜይ 14

ሮክቪል ያለ የሙዚቃ ዕቃ መደብር ሄድኩ። ሻጩ ልጅ እግር ነው፣ ጣቱ ሁሉ ቀለበት። መሀል አስቀምጦኝ ሁለት ስፒከሮች በግራና በቀኝ አዞረብኝ። ስቱዲዮ የሚጠቀምባቸው ናቸው አለ። ወይ ድምፅ! ጥርት ያለ። ስህተቴ እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማል። ግራ እጄ እንዲህ ይጎተት ነበር ለካ? ልገዛቸው ካርዴን አወጣሁ።

"ማይኩ የሚሰካው የት ነው?" አልኩት።

የለውም። እነዚህ ለኪቦርድ ብቻ ናቸው። "ትዘፍናለህ?" አለኝ።

"አልዘፍንም።"

"ታዲያ ማይክ ምን ያደርግልሃል?"

ካርዴን ወደ ኪሴ መለስኩ። ልጁ ትክክል ነው። ለብቻው ለሚጫወት ሰው ከእነዚያ የተሻለ አይገኝም።

ዓርብ፣ ሜይ 15

ፀደንያም ያንኑ ጠየቀችኝ። "አባቢ፣ ማይኩ ለማን ነው?" "ለማንም። ይኑር ብዬ ነው።" ዝም ብላ አየችኝ። ዝም ስትል ቁርጥ እናቷን።

እሑድ፣ ሜይ 17

ዛሬ ከሕዝቡ መሀል ተቀመጥኩ። ወጣቶቹ ጎበዞች ናቸው፣ ጌታ ይባርካቸው። ከበሮው ብቻ በዛ።

ጸሎት ሲጀመር ዓይኔን መጨፈን አቃተኝ። የልማድ ነገር። ሰው ሲጸልይ ከስር ቀስ እያለ ኪቦርድ የሚነካ ሰው ዓይኑን አይጨፍንም። ፓስተሩ እጁን ሲያነሳ ከፍ፣ ሲያወርድ ዝቅ... ማየት አለበት። ስንት ዓመት በተከደነ ዓይን መሀል ዓይኔን ገልጬ ኖርኩ። ፓስተሩን ብቻ አይደለም ያየሁት፣ ምን ይደበቃል።

ዛሬም እሷ ትቆምበት የነበረውን ቦታ አየሁ። አሁን የከበሮውን ድምፅ የሚከልለው መስታወት ቆሞበታል።

ባለቤቴ ታደለች ካረፈች ብዙ ሆነ። ፀደንያ ገና ሃይስኩል ነበረች። ከዚያ ወዲህ ለራሴ ምንም ጠይቄ አላውቅም። ጌታ ሆይ፣ ይሄ ስህተት ከሆነ ንገረኝ። ስህተት ካልሆነ ደግሞ አፍ ስጠኝ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 23

አሌክሳንድሪያ፣ ንጋቱ ቤት። የቸርቹን ሥራ ካቆመ ወዲህ ያገለገለ የሳውንድ ዕቃ እየጠገነ ይሸጣል። ጋራዡ ገመድ በገመድ፣ መኪናዋ ውጭ ነው የምታድረው። ገና ሲያየኝ "ሰክቶ ሂያጁ መጣ!" ብሎ ሳቀብኝ። ድምፅ የለውም ብዬ ልቤ ቀጥ ማለቷን ስነግረውማ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ጥግ ላይ አውጥቶ ያስቀመጠው ስፒከር ነበር። ጥቁር፣ የጫማ ሳጥን የምታክል... አይ፣ ትንሽ ትበልጣለች። ጠርዟ ተልጧል። ፊቷ ላይ ሁለት መሰኪያ። አንዱ የኪቦርድ፣ አንዱ የማይክ፣ ለየራሳቸው ማጉያና መቀነሻ አላቸው።

"ማይክም ይሰካበታል?" አልኩ፣ እንደዋዛ።

"እንደምትጠይቀኝ አውቄ ነው ያወጣሁት።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"የሻሽ ልትሄድ ነው አይደል?"

የማይኩን ማጉያ አዞርኩ። እሱ መቼ ዝም ይላል! "ስማ ለገሰ። ጸሎት ላይ ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲጨፍን ሁለት ሰው አይጨፍንም። አንዱ ኪቦርድ የሚነካው ነው። ሌላውስ?"

"ማን ነው?"

"እኔ ነኛ! ከአዳራሹ ጫፍ፣ ሚክሰሩ ጋ ቆሜ። አንተ ጀርባዋን ታያለህ። እኔ ደግሞ ያንተን ፊት። ያን ሁሉ ዓመት!"

እዚያው መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። "ለማን ነገርክ?"

"ለማን እነግራለሁ? እግሯ ስር፣ ዘማሪዎች ራሳቸውን የሚሰሙበት ስፒከር አልነበረም? እዚያ ላይ ያንተን ኪቦርድ ከሌላው ሁሉ ከፍ አደርግልህ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ላድርግልህ? አንተ እንደሁ አትናገርም!"

ማይክ መረቀልኝ። መኪናዬ ድረስ ተሸክሞልኝ በመስኮት ጎንበስ አለና፣ መሳቁን ትቶ "ሰውዬ፣ ዳላስ ሩቅ ነው" አለኝ።

እሑድ፣ ሜይ 24

ስፒከሩ ይሠራል! ሳሎኑ ሞላ። ባሱ ወፈር ያለ ነው፣ ከላይ ትንሽ ሻከር ይላል። የስቱዲዮዎቹን አያክልም። ግን የቸርች ድምፅ አለው።

ፀደንያ ገብታ አየችው። ስፒከሩን እንደ መድረክ ወደ ሶፋው አዙሬው፣ እኔ ከኋላው። ከፊት የቆመ ማይክ። ሶፋው ላይ ማንም የለም። "ኦ ማይ ጋድ አባቢ" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች።

"የሻሽዬ ናት?"

ወረቀት የማገላብጥ መሰልኩ።

"ኢትስ ኦኬይ። ሪሊ።" ከዚያ ደግሞ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ "እማዬም እኮ ትወዳት ነበር።"

ሻይ ላፍላ ብዬ ኪችን ገባሁ። ዓይኔን ልጠርግ ነው የገባሁት።

ቅዳሜ፣ ሜይ 30

ዛሬ ልትመጣ ነበር። ቤቱን ጠረግሁ፣ ሸሚዝ ተኮስኩ። ቀትር ላይ ደወለች፤ ዕዝራ ዕቃ እያሸገ ነው፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይሁን አለች። "ችግር የለም" አልኩ። ችግር የለም የምትለዋን ቃል ማን ባስረሳኝ!

ማይኩን "አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት" ብዬ ሞከርኩት። ከታች ያሉት ጎረቤቶች ጣሪያቸውን ደበደቡ።

ቅዳሜ፣ ጁን 6

መጣች።

ዕዝራ አድርሷት ሄደ። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። ጸጉሯን አልቀባችውም፣ ሽበቱ ያምርባታል። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና "ከሳህ ወንድም ለገሰ" አለች። ከዚያ ማይኩን አየችው።

"ይሄ ለማን ነው?"

"ላንቺ ነዋ።"

"ለሁለታችን? በዚህች ሳሎን?" ሳቀች። "ደግሞ ወደ ሶፋው ቆሜ? ለትራሱ ልዘምርለት?" ማይኩን ከነመቆሚያው አንስታ ግድግዳው ጋ አቆመችው። ያን ሁሉ የደከምኩበትን! ከምግብ ጠረጴዛው ወንበር ሳበች፣ ከኪቦርዱ ማዶ አስቀመጠችው፣ ወደ እኔ ዞራ ተቀመጠች። መነጽሯን አድርጋ ግጥሙን አየት አደረገችና አውልቃ ስፒከሩ ላይ አኖረችው። "በል።"

በባቲ ቅኝት ጀመርኩላት። ተቀብላኝ ዘመረች።

እንዴት ልጻፈው? ስትጀምር ዓይኗ ክፍት ነው፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ይከደናል። ግራ ቅንድቧ ብቻዋን ትነሳለች። ድምጿ ሲረዝም ፊቷ ልታለቅስ ያለች ልጅ ይመስላል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ፈገግ... እኔ ከኋላ ሆኜ ኮስተር ብላ ነው የምትዘምረው ብዬ ነበር የማስበው! እጄ ጠፋኝ። ሌላ ቁልፍ ላይ ወደቅሁ።

ዓይኗን ገለጠች። "ምነው? አንተ ተሳስተህ ታውቃለህ እንዴ?"

"አይቼሽ አላውቅም።"

"ምን?"

"ስትዘምሪ። ፊትሽን አይቼው አላውቅም የሻሽ። ጀርባሽን ብቻ ነው የማውቀው።"

ኪቦርዱ ላይ ያለውን አቧራ በጣቷ ጠረግ ጠረግ አደረገች።

"እኔም ያንተን አላውቀውም" አለች። "በጆሮዬ ነው የማውቅህ። እግሬ ስር ያ ስፒከር ነበር አይደል? ሌሎቹ ኪቦርዱ በዛብን፣ ራሳችንን አንሰማም እያሉ ንጋቱን ያስጨንቁት ነበር። እኔ አንድ ቀን ቀንስልኝ ብዬው አላውቅም።"

እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ።

"አትሂጂ" አልኳት።

እንዲሁ ወጣ። ሳላስበው። "ዳላስ አትሂጂ። እዚሁ ሁኚ። እኔ ደስ ይለኛል... ደስ ይለኛል ብቻ አይደለም፣ እፈልግሻለሁ።"

ስልኳ ጮኸ። ዕዝራ ከታች ደርሷል። ተነሳች። ጫማዋን ስታደርግ ጎንበስ እንዳለች ቆየች። "ደህና ሁን ለገሰ" አለችና ወጣች። ወንድም አላለችኝም። ይሄ ጥሩ ነው? መጥፎ ነው?

እሑድ፣ ጁን 7

አልደወለችም።

ረቡዕ፣ ጁን 10

መነጽሯ ስፒከሩ ላይ ነው። ስጫወት አብሮ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ቀስ አድርጌ እጫወታለሁ።

ልደውልላት? መነጽርሽን ረስተሻል ልበል? አልደውልም። የምለውን ብያለሁ። አሁን የእሷ ተራ ነው። ግን ዝም ማለቷ አንጀቴን በላው... ሳሎኑ እኮ ፊትም ባዶ ነበር፣ እንዲህ ባዶ ግን አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ጁን 16

የዓመቱ የመጨረሻ አውቶቡስ። ተማሪዎቹ ጮኹ፣ አቀፉኝ፣ ሄዱ። ሐሙስ እነ ዕዝራ ይነሳሉ። ንጋቱ ደውሎ "እህስ?" አለኝ። "እንጃ" አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም።

ሐሙስ፣ ጁን 18

ጠዋት ኪቦርዱን አልከፈትኩትም። አሁን የት ደርሰዋል እያልኩ ካርታ ሳይ ስልኩ ጮኸ። የሻሽ።

"መንገድ ላይ ናችሁ?" አልኳት።

"ዕዝራን አሁን ሸኘሁት። አለቀሰ፣ ትልቅ ሰው አይመስልም።"

"አንቺስ?"

"ቤት ነኛ። ስካይላይን። ሊዙን፣ የቤቱን ኪራይ ውል፣ በስሜ አዞርኩት። እስኪያዞሩልኝ ድረስ ነው ያልደወልኩልህ። አይሆንም ቢሉኝ ምን እልሃለሁ?"

ካርታውን ዘጋሁት። ከዚያ ያገኘሁት ቃል ይሄ ነው፦ "መነጽርሽ እኔ ጋ ነው። ላምጣልሽ?"

"ሌላ አለኝ። ያ እዚያው ይቀመጥ፣ ስዘምር አደርገዋለሁ።"

ከሰዓት ማይኩን ለንጋቱ ወስጄ መለስኩለት። "ምነው? አልሠራም እንዴ?" አለኝ።

"አላስፈለገም" አልኩት።

ቤት ስመለስ ስፒከሩን ከሶፋው አዞርኩትና ከወንበሯ ጎን አደረግሁት። ወንበሯን አላነሳሁትም። ቅዳሜ ትመጣለች።