አራስና ማግኔት

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬም ጣቴ ደንዝዟል። የመሐል ሜዳ ከተማ ብርድ ለሰውም ለመሣሪያም አያዝንም። ልንሠለጥንበት የመጣው ተንቀሳቃሽ ኤምአርአይ፣ በማግኔት ምስል የሚያነሳው ማሽን፣ ጎማ አለው፤ እየገፋን ከክፍል ክፍል እናዞረዋለን። ዕድሜ ልኬን ራጅ ብቻ ላነሳሁ ሰው ጉድ ነው። አሰልጣኛችን ዶ/ር ሔለን ከአ.አ. ነው የመጣችው፤ በስላይድ አታምንም። ንኩት፣ ተሳሳቱ፣ ድገሙ ነው ሥራዋ። አንዳችን የሌላችንን ጭንቅላት አነሳን። የእኔም አንጎል ስክሪኑ ላይ ወጣ። መኖሩ ተረጋገጠልሽ፣ ማስታወሻዬ!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

የመጀመሪያዋ እውነተኛ ታካሚ። በላይነሽ፣ ከጓሳ ግርጌ የመጣች አራስ። ራስ ምታት አልለቅ ብሏት ከርሞ ትናንት አንቀጥቅጦ ጣላት፤ እዚሁ ሆስፒታላችን ተኝታለች። ሕፃኗን አቅፈው የሚያስታምሟት እናቷ እማማ ወርቄ ናቸው። ተራው የእኔ። ብረት ይዘሻል ወይ አልኳት። አልያዝኩም አለች። አስተኛኋት።

ምስሉ መጣ። በግራ በኩል ጥቁር ጉድጓድ። ደም ፈሷል አልኩ፣ ጮክ ብዬ! እማማ ወርቄ ሰምተው ዋይ አሉ። ዶ/ር ሔለን ምስሉን አየት አደረገችና ሻሿን ፍቺ አለችኝ። ሹሩባዋ ውስጥ መርፌ፤ ብረት ምስሉን ያጠቁረዋል።

አራስ ክፉ እንዳይነካት ያለ ብረት አትወጣም። እኔም የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ስወልድ ትራሴ ሥር ቢላ ነበር። ምን ነካኝ? ልጅቱ አልዋሸችም። "ይዘሻል" ነው ያልኳት፤ በእጇ አልያዘችም፣ የሰኩላት እናቷ ናቸው።

መርፌው ወጥቶ ይደገም ተባለ። እማማ ወርቄ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። እንኳን እዚህ፣ ሽንት ቤትም ያለ ብረት አትሄድም። ልጃቸውን ወደ አልጋዋ መለሷት። በራሴ ተናድጃለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

በላይነሽን ዳግም ጣላት። እማማ ወርቄን ለመንኳቸው። ወይ ፍንክች። ሲጨንቀኝ፣ "እማማ፣ ማሽኑ እኮ ራሱ ብረት ነው፤ ከመርፌ አይበልጥም?" አልኳቸው።

መጡና ጎኑን በጣታቸው አንኳኩ።

"አዬ፣ ይኼማ ለሰባት አራስ ይበቃል!"

መርፌውን ራሳቸው ነቀሉት። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ደገምነው። ጥቁሩ የለም። እፎይ ልል ስል፣ እሱ በነበረበት ቦታ እብጠት። መርፌው ከልሎት ኖሯል። ዶ/ር ሔለን የደም ሥር ሳይዘጋ አልቀረም፣ ዛሬውኑ ደ/ብርሃን ትሂድ አለች። ቶሎ ከደረሰች ትድናለች። ፈራሁላት። ከታናሽ እህቴ አትበልጥም።

9፡00 ሰ.

እማማ ወርቄ አዲስ ነገር አመጡ። እኔ አብሬ ካልሄድኩ ልጃቸው ንቅንቅ አትልም፤ እዚያስ ስለ ብረቱ ማን ያስረዳልናል ነው የሚሉት። የተግባር ፈተናችን ደግሞ ነገ ነው። የቀረ ሰው የምስክር ወረቀት አያገኝም፣ ድጋሚም የለም። ዶ/ር ሔለንን ጠየቅኳት፤ ደንቡን እኔ አላወጣሁትም አለች፣ አንገቷን ደፍታ። ይህን ሥልጠና ስጠብቅ ስንት ጊዜዬ!

አምቡላንሱ በር ላይ ነው። ሾፌሩ እየተነጫነጨ ነው። ፈተናው ይቅርብኝ። እማማ ወርቄ በላይነሽን ደግፈው ይይዛሉ፤ ሕፃኗን የማቅፈው እኔ ነኝ።