ሙህዲን አስቀድሞ የሚያውቀው ምልክት

ዙለይኻዬ፣

ይህ የምጽፍልሽ ፖስት ካርድ ላይ ያለው አንበሳ ቃሊቲ የለም፤ እዚህ የሚያገሳው የጭነት መኪና ነው። ድሬ ብንሆን ከግቢ ግቢ ተጠራርተን እንደማመጣለን፤ እዚህ አጠገብሽ ያለው ሰው እንኳ አይሰማሽም።

የእህቴ ልጅ ማህሌት ለዩኒቨርሲቲ ጥናቷ ጣሪያ ላይ አንቴና ተክላ፣ ከመንገዱ ማዶ መጋዘን ላይ ላለው ጓደኛዋ ለሙህዲን በአየር ምልክት ትልካለች። ምልክቱን ሙህዲን አስቀድሞ ያውቀዋል።

«የሚያውቀውን መላክ ምን ይሉታል? ለዚህ ነው የተማርሽው?» አልኳት።

«ስለሚያውቀው እኮ ነው እትዬ! ሲደርሰው የት ጋ እንደተጣመመ ያያል። ምልክቱ የሚያልፍበት መንገድ ምን እንደሚያደርገው ከገባው፣ የማያውቀውን መልእክትም አቃንቶ ያነበዋል።»

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ላኪለታ!»

«ከበዛማ ለመልእክቱ ቦታ አይቀርም። የማጠናውም ስንት ቢላክ እንደሚበቃ ነው። ከባድ መኪና ሲያልፍ የምልክቱ መንገድ ይለዋወጣል፤ ያኔ ትንሽ እጨምራለሁ።»

ነገሩ ሲያብሰለስለኝ ዋለ። ፊደል ያስቆጠሩን ዓይናችን ከደከመ በኋላ ነው፤ እሱ ሳያንስ ሕመሙ ቀኝ እጅሽን ያዘ። «ጽሕፈቴ ያሳፍራል» ብለሽ ዝም አልሽኝ። ሰዎች «ደህና ናት» ይሉኛል፤ የሰው ወሬ አላምንም። ስሜን ብቻ ጻፊልኝ። ማታ ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ስትጽፊው አይቼዋለሁ፤ ተጣሞ ቢመጣ እጅሽ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ የፈለግሽውን ብትጽፊ አነበዋለሁ።

የካርዱ ጠርዝ ላይ ደረስኩ። ልጆቹን ሳሚልኝ። ረስተሽው እንደሆነ ስሜ ይኸው፦

ፈለቀች