የመቀቀያው መዝገብ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ምሳ ሰዓት።

ለመርፌ መለማመጃ ዛሬም ቲማቲም። ዐርባ ተማሪ፣ ሃያ ቲማቲም፣ ስድስት የመስታወት ስሪንጅ። ለሁለት አንድ ቲማቲም ይወጋሉ፤ ጭማቂው እስከ ክርናቸው ይወርዳል። ብርቱካን ነበረን እኮ። ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ጎብኚ ጓዶች መጡ ተብሎ የነርስ ት/ቤታችን ዳይሬክተር ከመለማመጃ ክፍሌ አስወሰደው። ተማሪ ውሃ ሲወጋው የሰነበተ ብርቱካን ታጥቦ፣ በሳህን ተደርድሮ ቀረበላቸው። ሲበሉ ቆሜ አየሁ። አንዱ ጓድ የአዋሳ ብርቱካን ውሃ ይበዛዋል አለ። ተማሪዎቼ ከንፈራቸውን ነክሰው መሬት መሬት አዩ። ያኔ ሳቄ መጥቶ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን አያስቅም።

ይህን ካንተ በቀር የምነግረው የለም፣ ደብተር። ለዚህም ነው ከፋሻው ካርቶን ሥር የምታድረው።

ታደለ ዛሬም አርፍዶ ገባ። የወጣት ማኅበሩ ሊቀመንበር ስለሆነ የሚቆጣው የለም። እጅህን ታጠብ ስለው በጣቱ ጫፍ ውሃ ነካ ነካ። ከጎኑ ማርታ። የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ ሲዳማ። ዝምተኛ። ካስተማርኳቸው ሁሉ እንደሷ እጀ ብሩክ አላየሁም። ማንም የሚያያት ሳይመስላት እንኳ እስከ ክርኗ ትታጠባለች። ስለ እሷ ሳስብ ይህ ሥራ ሥራ ይመስለኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከቀኑ 11 ሰዓት።

የውይይት ክበብ። በየሳምንቱ ረቡዕ፣ 8 ሰዓት። ግማሹ ተማሪ በሽተኛውን ትቶ ወደ አዳራሽ ይሮጣል። እኔም አልቀርም፤ የቀረ ስሙ ይያዛል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ምርት ዕድገት። ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ አንገት ላይ ያለውን ቋቁቻ ስመረምር ቆየሁ። መጨረሻ ላይ ሂስና ግለ ሂስ። እጁን ያወጣ ይነሣል፣ ጥፋቱን ይናገራል፣ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ላይ ያሰፍራል። ሁሉም የሚናዘዘው ያው ነው፤ አንዱ አረፈድኩ፣ ሌላው ማስታወሻ አልያዝኩም። እኔ ጋዜጣ በበቂ አላነበብኩም አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ለጋዜጣ አለማንበብ ጭብጨባ!

ስመለስ በወንዶች ክፍል አለፍኩ። የመቀቀያው መዝገብ ሙሉ ነው። እንደ ሁልጊዜው።

ስለዚህ መዝገብ ነግሬህ አላውቅም። ከቡታጋዙ አጠገብ በገመድ ታስሮ ይንጠለጠላል። ስሪንጅና መርፌ የቀቀለ ሰው የገባበትን ሰዓት፣ የወጣበትን ሰዓት ጽፎ ይፈርማል። ሃያ ደቂቃ ሳይፈላ አይወጣም። ያስጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ኮርቼበትም ነበር። ዐምና ተቆጣጣሪ መጣና በመዝገቡ ላይ የረቡዕ የፊርማ ሣጥኖች ባዶ ሆነው አገኛቸው። እሱ ዳይሬክተሩን ወቀሰ፤ ዳይሬክተሩ እኔን። እኔ ደግሞ ተማሪዎቼን ሰብስቤ፣ ወደ ስብሰባ ለሮጠው የቀረው ይፈርምለት፣ ሁለተኛ ባዶ ሣጥን እንዳላይ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ባዶ የለም። ያማረ መዝገብ ነው። የረቡዕ ፊርማ ግን ሁሉም ውሸት ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ከጧቱ 4 ሰዓት።

የወንዶች ክፍል። ሦስት በሽተኞች መቀመጥ አቅቷቸው በሆዳቸው ተኝተዋል። ሦስቱም ረቡዕ ልክ ከስብሰባው በፊት ፔኒሲሊን የተወጉ። የተወጉበት ቦታ አብጧል፣ ቀልቷል፣ ይፋጃል። የወጋው ታደለ። መቀቀልም የሱ ተራ ነበር፤ ተራውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

መዝገቡን ገለጥኩ። ረቡዕ። ገባ 7፡20፣ ወጣ 7፡40። ፊርማ፦ ማርታ።

ማርታ ረቡዕ ሥራ የገባችው 8 ሰዓት ላይ ነው። ሣጥኑ ባዶ ሆኖ አገኘችው፤ ሞላችው። እንዳዘዝኳት።

መዝገቡን ዘግቼ ወደ ክፍል ሄድኩና ስለ ቁስል አስተጣጠብ አስተማርኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ከቀኑ 6 ሰዓት።

ሦስቱም ተበጡ። ከአባባ ላሊሞ ብቻ አንድ ኩባያ መግል። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ቀርቷል፤ ምሳ አልበላሁም። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ በሳንባ ምች መጥተው ድነው ነበር። ኀሙስ ሊወጡ ነበር። አሁን በአንድ ጎናቸው ተኝተው ግድግዳ ያያሉ።

ፋሻ ስቀይር ጠየቅኋቸው። አማርኛቸው ስብርብር ነው፤ ነገሩን ግን አልሳቱትም። «ልጁ ቸኮለ። ውሃ እንፋሎት የለም። እጁን ከተተ፣ አወጣ፣ ወጋኝ።»

ባዶ እጁን! ውሃው ከለብታ አላለፈም ማለት ነው። ይህን ኀሙስ ለሚቀመጠው አጣሪ ኮሚቴ ይናገራሉ ወይ አልኳቸው። ማን ይጠይቀኛል አሉ። ወዲያው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ኀሙስ፣ ኅዳር 18። ከቀኑ 10 ሰዓት።

ኮሚቴ ተቀመጠ። አምስት ሰው። አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ታደለ። የተማሪዎች ተወካይ! ፀጉሩን አበጥሮ፣ እስክሪብቶ ደረቱ ላይ ሰክቶ። ይነሣ አላልኩም።

ማርታ ቆመች። ፊርማው ያንቺ ነው? አዎ። ቀቅለሻል? አልቀቀልኩም ብትል መዝገብ አጭበርብራለች፤ ቀቅያለሁ ብትል ሦስቱን ሰው እሷ በክላለች። ታደለማ የወጋው በተፈረመለት መርፌ ነው፤ ምን ጥፋት አለበት፣ ተባለ። ያ ፊርማ እንዴት እንደሚፈረም ከጠረጴዛው ዙሪያ የማያውቅ አልነበረም። አንዴ ቀና ብላ አየችኝ። አንዴ ብቻ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ከዚያ ሰብሳቢው አሻጥር የምትለዋን ቃል አወጣ። ባለፈው ዓመት የታሸገው የነማርታ ቤተ ክርስቲያን ተነሣ፤ አሁንም በየቤቱ እየተሰበሰቡ ይጸልያሉ ተባለ። ጸሎት ከመርፌ ጋር ምን አገናኘው ያለ የለም። እኔ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ፤ በሽተኞቹ ይጠየቁ። በሽተኛ ምስክር አይሆንም ተባለ። ተቀመጥኩ። በቃ፣ ጀግንነቴ እዚያ ላይ አለቀ።

ውሳኔው፦ ማርታ ከት/ቤት ትባረር፣ ጉዳዩ ለሚመለከተው አካል ይተላለፍ። ለሚመለከተው አካል የተላለፈ ሰው በየት በኩል እንደሚመለስ አንተም ታውቃለህ። የቀረው የአስተማሪዋ ማረጋገጫ ነው። የኔ ፊርማ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19። ከጧቱ 5 ሰዓት።

ዳይሬክተሩ ቢሮ። ሻይ አስመጣልኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ሻይ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት። አንዱ የኔ ፋይል፦ የምሥራቅ ጀርመን ትምህርት፣ ሁለት ዓመት። የጎደለው የሱ ፊርማ ብቻ ነው። ሌላው ማረጋገጫው፦ ወ/ሪት ማርታ በራሷ ቸልተኝነት፣ ከአስተማሪዋ መመሪያ ውጭ... የጎደለው የኔ ፊርማ ብቻ። አንዱ ለአንዱ ነው አላለኝም። ጎን ለጎን አስቀምጦ ሻይውን አማሰለ።

ይህ ሰው ድሮ እንዲህ አልነበረም። ገጠር አብረን ስንሠራ ምጥ የጸናባትን ሴት ጀርባው ላይ አዝሎ ወንዝ ሲሻገር በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ ልጅቷ ገና ወጣት ናት፣ ሌላ ሥራ አታጣም፣ አንቺም ልጅ አትሁኚ ይለኛል። ድምፁ ለስላሳ፤ ያ ልስላሴው ነው የቀፈፈኝ። ጩኸት ይሻላል።

እስከ ረቡዕ ጊዜ ስጠኝ አልኩት። እምቢ አላልኩም፣ ደብተር። ጊዜ ስጠኝ! እንደ ልብስ ሰፊ ቀጠሮ ሰጠሁ። ወጥቼ እጄን ታጠብኩ። ሦስት ጊዜ። የታጠብኩት የቢሮውን እድፍ ሳይሆን የራሴን ይመስለኛል፤ ያስጠላኝ ራሴ ነኝ። ከመመሪያ ውጭ? መመሪያው እኮ እኔ ነኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 21። ከሰዓት በፊት።

ዓሣ ልገዛ ብዬ በጋሪ አሞራ ገደል ወረድኩ። ውሸት። ማርታ እዚያ ከአክስቷ ጋር ዓሣ ታጸዳለች ብለውኝ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከታሸገ ወዲህ እሑዷ ይህ ነው።

አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች እንደ ኮሚቴ ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ አንጀት ሲወረወር ይሻማሉ። ጭቃው በቅርፊት ያብለጨልጫል፣ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። ስታየኝ ተነሣች። ወደ ሐይቁ ሄዳ ታጠበች፤ እስከ ክርኗ፣ እንዳስተማርኳት። ከዚያ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ።

ለምን አልተናገርሽም አልኳት። ፈርሙ ያልኳችሁ እኔ ነኝ፣ ለምን አላልሽም?

«እርስዎን ካሰሩ ማን ያስተምረናል፣ ሲስተር?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልጅቱ ቀጠለች፤ ለነገሩ ፊርማው የኔ ነው፣ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ነው የፈረምኩት አለች። ያ የኔ ድርሻ ነው አለች። የሃያ ዓመት ልጅ የራሷን ድርሻ ለይታ ታውቃለች። የሠላሳ ስምንት ዓመት አስተማሪዋ ቀጠሮ ትጠይቃለች።

አክስቷ ነገሩን ሰምታለች መሰለኝ፣ ቀና ብላ አላየችኝም። ግን ሁለት ቆሮሶ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ታቦር ተራራ ሥር ካለው ቤቴ እስክደርስ ጋዜጣው ራሰ። መብላት አቃተኝ። የአከራዬ ድመት በላችው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23። ምሳ ሰዓት።

ሁለት ቀን ሙሉ ስጽፍ ስቀድ። ቃሌን ጽፌ ለዳይሬክተሩ ብሰጠው መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ለኮሚቴው ብሰጥ ታደለ ይቀበለኛል። በዚህ ከተማ ወረቀት እንደ ላምባ ነው፤ መጣ ሲሉህ የለም።

የማይጠፋ ወረቀት አንድ ብቻ አለ። የክበቡ ቃለ ጉባኤ። ገጹ በቁጥር ነው፣ አይቀደድም፤ በማግስቱ ግልባጩ ወደ ክፍለ ሀገር ይሄዳል። ግለ ሂስ ደግሞ የሚከለክለው የለም። ሰው ተነሥቶ ስለ ጋዜጣ እንዲናገርበት ራሳቸው የፈጠሩት ነገር ነው።

ለአባባ ላሊሞ ነገርኳቸው። መራመድ ጀምረዋል። የሚጠይቅዎት ሰው ተገኝቷል አልኳቸው። ስንት ሰዓት ነው አሉኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24። ከቀኑ 7፡40።

የወንዶች ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው የምጽፍልህ።

ታደለ አዳራሹን ሊያዘጋጅ ሮጧል። ቡታጋዙ አልተለኮሰም። የመዝገቡ ሣጥን ባዶ። አንዷ ተማሪ ልትፈርምለት እስክሪብቶ አነሣች። ከእጇ ወሰድኩት። ደነገጠች፤ ሲስተር፣ ባዶ ሊሆን ነው እኮ አለች። ባዶ ይሁን አልኩ። የ8 ሰዓቱ መርፌ ውሃው እስኪፈላ ይቆያል፤ እሷው ትቀቅላለች፣ ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ ለራሷ ትፈርማለች።

ማረጋገጫው ኪሴ ውስጥ ነው። አልፈረምኩትም። ስለ ጀርመን ዛሬ ጧት ትንሽ አለቀስኩ፤ ላንተ ምን እደብቃለሁ፣ በጣም ፈልጌው ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ሹራብና ሳሙና አለ። አንተን ለማርታ አክስት እልክሃለሁ፤ ከዓሣ ጋዜጣ መሃል ማንም አይፈልግህም።

የምለውን በቃሌ ይዣለሁ። ባለፈው ዓመት ውሸት ፈርሙ ብዬ ያዘዝኩ እኔ ነኝ። ረቡዕ ኅዳር 10 ያልፈላ መርፌ የወጋው ታደለ ነው። በማርታ ላይ ሲፈረድ ዝም ያልኩ እኔ ነኝ። ይጻፍልኝ።

ለ8 ሰዓት አምስት ጉዳይ። አባባ ላሊሞ ጋቢያቸውን ለብሰው በሩን ተደግፈዋል፤ አንድ እግራቸውን ያነክሳሉ። ሲስተር፣ አይሄዱም እንዴ ይሉኛል። እየመጣሁ ነው