ከቅርጫው የጎደለው ቅልጥም

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አባቴ፣ ለአቶ መገርሳ፤

የጌታ ሰላም ከደጃፍዎ አይራቅ። እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? ዓይንዎን ለሐኪም አሳዩ ወይስ አሁንም ነገ ነገ እያሉ ነው? የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒትስ በጊዜው ይገዛል? እኛ ደህና ነን፤ ብርዱ ብቻ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ደህና ነን ስልዎት ግን ገላዬን ማለቴ ነው።

አባዬ፣ ይህን በስልክ ልነግርዎት ስንቴ ሞከርኩ። ድምፅዎን ስሰማ ስለ ጤናዎ ብቻ ጠይቄ እዘጋለሁ።

ሊና አሥራ አምስት ዓመት ሞላት። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ያውም ከመለሰች ነው። ታዲያ ለገና ሰሞን ኩሽና ድረስ መጥታ ስልኳን አሳየችኝ። ኮሪያዎች የበሬ ቅልጥም ቀኑን ሙሉ ቀቅለው የሚሠሩት፣ እንደ ወተት የነጣ ሾርባ ነው። አብረን እንሥራ አለችኝ። አብረን የሚል ቃል ከልጄ አፍ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ደስታው አሳበደኝ።

ለገና አሥር አባወራ ሆነን ከከተማ ወጣ ካለ እርሻ በሬ አረድን። መዳቢው እንደ ሁልጊዜው እኔ ነኝ፤ የእርስዎ፣ የሠፈሩ መዳቢ፣ ልጅ ስለሆንኩ ማንም ቆሞ እጄን አያይም። እጣ የምንጥለው በየመኪናችን ቁልፍ ነው፤ ቁልፍህ ያረፈበት መደብ ድርሻህ ነው። ያን ቀን ግን ሥጋው ከመመደቡ በፊት የሁለቱን የኋላ እግር ቅልጥም በጆንያ ጠቅልዬ ከመኪናዬ መቀመጫ ሥር ከተትኩ። አጥንት በየሱቁ ሞልቶ! ከራሳችን በሬ አመጣሁልሽ ማለት አማረኝ መሰለኝ። ለእሷም ቅርጫተኞቹ ሰጡን አልኳት።

በማግስቱ አጥንቱን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈን ደሙን አወጣን፤ አንዴ አፍልተን የመጀመሪያውን ውሃ ደፋን። እኔ ቅቅል የለመድኩት እርድ ልጨምር ስል እጄን ያዘችኝ። ጨው እንኳ ሁሉም በየሳህኑ ነው የሚያደርገው አለች። እስኪነጣ አሥር ሰዓት ስንጠብቅ ስለ ትምህርት ቤቷ፣ ስለ ጓደኞቿ አወራችኝ። እንደዚያ ያለ ቀን አልነበረኝም።

ልክ ለመብላት ስንቀርብ የቅርጫችን አንጋፋ እትዬ ጸሃይቱ ደወሉ። እጄ እርጥብ ስለነበር ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግሁት። ቅልጥሙ ግማሹ የለም፣ የት ገባ? አሉኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ አጥንቱን ሲሰብር የነበረው ኤዶሳ ነው፣ እሱን ጠይቁት አልኩ። ኤዶሳ ማለት ፍሪድሊ በምትባል ከተማ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ቀርቶ ደሙን የሚያጥብልን የሦስት ልጆች አባት ነው።

ሊና ማንኪያዋን አስቀመጠች። አማርኛ አይገባትም እያልኩ ስንት ዓመት ሳማርር ኖሬ፣ ያቺ ውሸት ግን ከነሥሯ ገባቻት። ሳህኑን ገፋ አድርጋ፣ በአማርኛ፣ ሰጡን ብለኸኝ ነበር አለችኝና ወጣች።

አንድ ወር ምንም እንዳላደረገ ሰው ስመላለስ ከረምኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ኤዶሳን በቤተ ክርስቲያን ሰው ሲሸሸው አየሁ። ባለቤቱ ፈነት ከአምልኮ በኋላ ሻይ ሳትጠጣ ልጆቿን ሰብስባ መሄድ ጀመረች። ባለፈው እሁድ አላስችል አለኝ፤ ሁሉም ባሉበት ተነሥቼ ተናገርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኤዶሳ አልሰደበኝም። ምነው ብትነግረኝ የእኔንም ድርሻ እሰጥህ ነበር አለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር፣ አባዬ።

ለፋሲካ የሚመድበው እሱ ነው። እኔ ውሃ አቀርባለሁ። ሊና እሺና አይሆንም ብቻ ወደ ማለቷ ተመልሳለች።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ወንድሜን ይዲድያን ከነባለቤቱ፣ ትንሿን ኤልሻዳይንም ጉንጯን ሳሙልኝ። ባለቤቴ ፀጋ እጅ ነስታለች። እህቴን እድላዊትንም ሰላም በሉልኝ፤ እሷ እንደጻፈችልኝ፣ ሠፈር ውስጥ ቅርጫ በመደቡ ቁጥር፣ ልጄም አሜሪካ ድረስ መዳቢ ነው እያሉ ለሰው ይናገራሉ አሉ። እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፣ አባዬ፣ ከእንግዲህ እንደዚያ አይበሉ።

ልጅዎ ምንዳዬ
ሪችፊልድ፣ ሚኒሶታ
የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.